ባዶ ሥር ጽጌረዳ ደርሷል፣ ዝናቡ ግን አላቆመም፦ እንዴት ይቆይ? መቼ ይተከል?

ጠል
ሰላም ለሁላችሁ። አፈራቸው ተራግፎ ሥራቸው ብቻ የቀረ 12 የጽጌረዳ ችግኞች አሉ። መሬቱ በዝናብ ላይ ዝናብ ወርዶበት ጭቃ ሆኗል፤ ትንበያውም ገና 10 ቀን ይዘንባል ይላል። ሥራቸው እርጥብ ሰጋቱራ ተደርጎበት በላስቲክ ተጠቅልሏል። ግንዳቸው አረንጓዴ ነው፣ ዓይኖቻቸውም ገና አላበጡም። አፈሩ ወደ ዋልካ የሚያደላ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ጫማ ይይዛል።

ሳይተከሉ ስንት ጊዜ ሊቆዩ ይችላሉ? የትስ ይቀመጡ? አፈሩ ለመትከል መድረሱ በምን ይታወቃል? ዝናቡ ጨርሶ ባያቆምስ?

የመደብ ዳር
እህቴ፣ አትቸኩዪ። እንቅልፍ ላይ ያለ ጽጌረዳ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ላይ ሆኖ ሥሩ ካልደረቀ፣ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አይጎዳውም።

ዛሬውኑ ጥቅሉን ፍቺና አንድ በአንድ በእጅሽ ያዢያቸው። ጤነኛ ሥር ሲያጥፉት ይለመጣል እንጂ ቀጭ ብሎ አይሰበርም። ጫፉን ቆረጥ ሲያደርጉት ውስጡ ነጣ ያለ ነው። የበሰበሰ ሥር በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ሲስቡት ጥቁሩ ቆዳ እንደ እጅጌ ሾልኮ ይወጣና ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል፤ እሱን ጤነኛው ክፍል እስኪገኝ ድረስ ቁረጪው። ግንዱን በጥፍር ጫር ስታደርጊው ከቆዳው ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከታየ ሕያው ነው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች ወረድ ብለሽ ደግመሽ ጫሪ፤ ላዩ ሞቶ ታቹ የሚተርፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያ ሰጋቱራውን ጨብጪው። ውሃ ከተንጠባጠበ በዝቷል፣ እጅሽን ካላረጠበው አንሷል። የሚፈለገው ተጨምቆ እንደተሰቀለ ፎጣ ያለ እርጥበት ነው። ላስቲኩ ከታች ውሃ ከቋጠረ አፍስሺው። ላስቲኩ ሥሩን ብቻ ይሸፍን፤ ግንዱ ተሸፍኖ ጤዛ ከያዘ ግራጫ ሻጋታ ይወጣበታል።

ምርጡ ሙቀት ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ወይም ምድር ቤት ይበቃል፤ ሥሩን በረዶ እንዳይመታው ብቻ ተጠንቀቂ። እስከ 10 ዲግሪ በሚደርስ ቦታም ለአንድ ሳምንት ይቆያሉ፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ግን ዓይኖቹ ይነቃሉ። ፍሪጅ ካሰብሽ ፖምና ሙዝ ከሌሉበት ብቻ ይሁን፤ የሚበስል ፍሬ ኢታይሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ እሱም ገና ያልፈነዱትን ዓይኖች ያበላሻል። በየ3 ቀኑ እያየሽ የደረቀውን እርጠብ አድርጊ።

ነጭ ሥር
እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙ ባዶ ሥር ጽጌረዳ የሚሞተው በጭቃ አይደለም፣ ተክላለሁ እየተባለ ጥግ ላይ ሲደርቅ ነው። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ነፋስ ላይ ከተተዉ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃሉ። ዝናባማ ቀን ደግሞ ለተካይ ጥሩ ቀን ነው፤ ፀሐይ የለም፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ግንዱ ውሃ አያጣም። ካፊያ ላይ ተክሎ መግባት የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ዋልካ
ነጭ ሥር ያልከው አሸዋማ አፈር ላይ ልክ ነው። አሸዋ ከከባድ ዝናብ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ትርፍ ውሃውን አውርዶ ቀዳዳዎቹን ለአየር ይለቅቃል። የጠል አፈር ግን ዋልካ ነው፤ ውሃው ለቀናት ይተኛበታል።

ችግሩ ያለው አየር ላይ ነው። ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያሉት ቀዳዳዎች በሙሉ ውሃ ሲይዛቸው ኦክስጅን ወደ ሥሩ የሚደርሰው እጅግ በዝግታ ነው። በዚህ ላይ እንደ ፋይቶፍቶራና ፒቲየም ያሉት ሥር አበስባሾች በውሃ ውስጥ የሚዋኝ ዘር አላቸው፤ የተኛ ውሃ መንገዳቸው ነው። ባዶ ሥር ችግኝ ደግሞ ሲነቀል የተቆረጠ ብዙ ቁስል ይዞ ይመጣል።

የዝናቡ ሙቀትም ለውጥ ያመጣል። አፈሩ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነና ችግኙ ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ካለ፣ ሥሩ የሚፈልገው ኦክስጅን ትንሽ ስለሆነ ለጥቂት ቀናት ውሃ ቢተኛበት ይችለዋል። አፈሩ 12 ወይም 15 ዲግሪ ሲደርስ ሥሩ ነቅቶ በኃይል ይተነፍሳል፤ ያኔ ያው ውሃ በአጭር ጊዜ ያፍነዋል። ሁለት ሰው ስለ አንድ ሥራ ተቃራኒ ነገር የሚናገረው ብዙ ጊዜ አንዱ ስለ ቀዝቃዛ ዝናብ፣ ሌላው ስለ ሞቃት ዝናብ እያሰበ ስለሆነ ነው።

ነጭ ሥር
የሙቀቱን ነገር ተቀብያለሁ። ግን እርጥብ ዋልካ የሚደርቀውን መጠበቅ ወር ሊፈጅ ይችላል፤ ችግኙ በላስቲክ ውስጥ ወር አይቆይም።

የመደብ ዳር
እውነት ነው፣ አይቆይም። በጥቅሉ ውስጥ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ቀዝቃዛ ቦታ ከተገኘ እስከ 2 ሳምንት ነው። ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ወደ ማቆያ ቦይ ወይም ወደ ማሰሮ ይዛወራል።

ችግኝ አሳዳሪ
ስለ ማቆያው እኔ ልጻፍ፤ በዝናብ ወቅት የሚሠራበት መንገድ ከተለመደው ይለያል።

በደህናው ጊዜ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ተቆፍሮ አንዱ ጎን በ45 ዲግሪ ይጋደማል፤ ችግኞቹ በዚያ ላይ ጋደም ተደርገው ሥራቸውና የግንዳቸው ታችኛው ሲሶ ይቀበራል። የሚጋደሙት ነፋስ እንዳይነቀንቃቸው ነው። በዝናብ ጊዜ ግን ቦይ ማለት የውሃ መሰብሰቢያ ማለት ነው። ስለዚህ አትቆፍሪ፣ ከምሪ። የጣሪያ ፍሳሽ የማይወርድበት ከፍ ያለ ቦታ ምረጪና ከመሬት በላይ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የአሸዋ ክምር ሥሪ። ግማሽ አሸዋ ግማሽ ያረጀ ሰጋቱራ ቢሆን ይበልጥ ይስማማል፤ አሸዋው ያንጣፍፋል፣ ሰጋቱራው እርጥበት ይይዛል። ትኩስ ፍግ እንዳይገባበት፤ ሥሩን ያቃጥላል።

ታስረው የመጡትን ማሰሪያ ፍቺ። ከነማሰሪያቸው የተቀበሩ ሥሮች መሐል አሸዋ ስለማይገባ ክፍተት ይቀራል፤ መሐሉ ያለው ሥር አንድም ይደርቃል አንድም ይሻግታል። ችግኞቹን በ10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ደርድሪ፣ ግራፍት የተደረገበትን (ሥር የሆነው ተክልና የሚያብበው ተክል የተጣበቁበትን) እብጠት ጨምሮ ሸፍኚ፣ አሸዋውን በእጅ ጠቅ ጠቅ አድርገሽ አንድ ባልዲ ውሃ በዝግታ አፍስሺበት። ስማቸውን ግንዱ ላይ እሰሪ፤ በወረቀት የተጻፈ ስም በዝናብ ሳምንት አይቆይም፣ በእርሳስ በፕላስቲክ ላይ የተጻፈ ግን ይቆያል። ከበላይ ሸራ በእንጨት ደግፈሽ ዘርጊ፤ ግንዱን አይንካው፣ ጎንና ጎኑም ክፍት ይሁን።

እንዲህ የተያዘ ችግኝ እንቅልፉን እስካልጨረሰ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን በቀስታ አውጥተሽ ተመልከቺ። ነጫጭ አዳዲስ የሥር ጫፎች 1 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ ቀኑ ደርሷል። ከ3 ሴንቲ ሜትር ካለፉ ሲነሱ ይሰበራሉ፤ የቡቃያ ሥር እንደ ብርጭቆ ነው።

ጠል
በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ታየኝ። ከ12ቱ ሦስቱ ግንዳቸው ላይ ግራጫ ብናኝ አለ። አንዱ ደግሞ ነጭ፣ ረዘም ያለ ቡቃያ አውጥቷል። ይጣሉ?

የመደብ ዳር
አትጣያቸው። ግራጫው ቦትራይቲስ ነው፤ እርጥበትና የቆመ አየር የሚወድ ሻጋታ። ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ በጨርቅ ይጠረጋል። ከሻጋታው በታች ያለው የግንዱ ቆዳ ቡናማ ሆኖ ከለሰለሰ ግን የግንዱ መሐል ነጣ ወይም አረንጓዴ ብሎ እስኪታይ ድረስ ይቆረጣል። መሐሉ ቡናማ ክብ ካለው ገና አልደረስሽም፣ 2 ሴንቲ ሜትር ወረድ በዪ። መቀሱን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄጂ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጊው። ከዚያ ግንዱ ነፋሻ ቦታ እንዲደርቅ ተዪው፤ ሥሩ በእርጥብ ጆንያ እንደተጠቀለለ። ሻጋታ ያለባቸውንም ከሌሎቹ ለያቸው።

ነጩ ቡቃያ በጨለማ የበቀለ ነው። ብርሃን ላይ ሲወጣ ይጠወልጋል፤ እስከዚያም ግንዱ ያጠራቀመውን ምግብ ይበላል። ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ከመነሻው በጣት ገፋ አድርገሽ አውልቂው። ከጎኑ የተኛ ዓይን አለ፣ እሱ ይተካዋል። አጭርና ቀይ ከሆነ ተዪው። ያስቀመጥሽበት ቦታ መሞቁንም ነው የሚነግርሽ፤ ቴርሞሜትር አስገቢበት።

እሾህ
የኔን ጥያቄ እዚሁ ላስገባ። ችግኞቹ ለመትከል ተብለው ባልዲ ውሃ ውስጥ ተነክረዋል፣ ዝናቡ ከበደና መትከል አልተቻለም። አሁን 3ኛ ቀናቸው ነው። ውሃው በየቀኑ ቢቀየር እዚያው ይቆዩ?

ዋልካ
አይቆዩ። አሁኑኑ አውጣቸው። መንከር ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበቃል፣ ቢበዛ 24። ባልዲ ውስጥ የቆመ ውሃ ኦክስጅኑ በሰዓታት ያልቃል፤ ውሃውን መቀየር ትንሽ ያግዛል እንጂ ሥሩን አየር አያስገኝለትም። ጠረኑን አሽትት፤ የሚከረፋ ሽታ ካለው ሥሩ መበስበስ ጀምሯል። በንጹህ ውሃ አለቅልቀህ፣ የለሰለሰውን ቆርጠህ፣ ወደ እርጥብ ሰጋቱራ ወይም ወደ አሸዋው ክምር መልሳቸው። በሚተከሉበት ቀን 1 ወይም 2 ሰዓት ብቻ ደግመህ ንከራቸው።

ማዳበሪያም ስኳርም ውሃው ውስጥ አይገባም። ቁስል ያለው ሥር የማዳበሪያ ጨው ሲነካው ውሃ ከመሳብ ፈንታ ውሃ ያጣል።

ሥርና ቅርንጫፍ
ስለ መንከር አንድ ማስጠንቀቂያ። ሁሉንም በአንድ ባልዲ ከመክተት በፊት የግራፍቱን እብጠትና የሥሮቹን መነሻ ለብቻ ለብቻ እዩ። ሸካራ፣ እንደ አበባ ጎመን የተጨማደደ እብጠት ካለ የአክሊል እባጭ ሊሆን ይችላል። አግሮባክቴሪየም የሚባል ባክቴሪያ በቁስል በኩል ገብቶ የሚያመጣው በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም፣ በመንከሪያ ውሃም ወደ ሌሎቹ ይሻገራል። እንዲህ ያለው ለሻጩ ተመላሽ ይደረግ ወይም ይቃጠል፤ ኮምፖስት ውስጥ አይግባ።

ብዙ ሰው የሚያደናግረው ግን ሌላ ነገር ነው። ሥሩ በተቆረጠበት ጫፍ ላይ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የሚወጣ ለስላሳ፣ ክሬም መልክ ያለው እብጠት በሽታ አይደለም። ተክሉ ቁስሉን የሚደፍንበት ሥጋ ነው፣ አዲስ ሥርም ከአጠገቡ ይወጣል። ቦታውና ልስላሴው ይለየዋል፤ እባጩ ሻካራና ጠንካራ ሆኖ ከጎን ይበቅላል፣ ይኼኛው የተቆረጠው ፊት ላይ ብቻ ነው።

ጠል
ወደ አፈሩ ልመለስ። መድረሱን በምን ልወቅ?

ዋልካ
ላዩን አትመኚ። ፀሐይ ለግማሽ ቀን ከወጣች ላዩ 3 ሴንቲ ሜትር ይደርቅና ያታልላል። 25 ሴንቲ ሜትር ቆፍረሽ ከታች እፍኝ አፈር አውጪ። ጨብጪውና መዳፍሽን ክፈቺ። ውሃ በጣቶችሽ መሐል ከወጣ ወይም ኳሱ ላይ ብልጭ የሚል እርጥበት ካለ ጊዜው ገና ነው። ኳስ ሆኖ ሳያብረቀርቅ ከተገኘ በአውራ ጣት ጫን በዪው። ጣትሽ እንደ ሊጥ ሰርጎ ከገባ ገና ነው፤ ኳሱ ተሰንጥቆ ከፈረሰ ተከዪ። በመሐል ያለውን ለመለየት ከአፈሩ ትንሽ በመዳፍሽ መሐል አድቦልብለሽ እንደ እርሳስ አድርጊው፤ ዋልካ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክር ሳይበጣጠስ ከወጣ አፈሩን መቆፈር ያበላሸዋል።

ለምን እንደሚያበላሽ በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ። እርጥብ ዋልካ በአካፋ ሲቆፈር የጉድጓዱ ግድግዳ በመለሰኛ እንደተለሰነ ይለሰልሳል፣ ብርሃን ሲያርፍበትም ያብረቀርቃል። ያ ልስን ሲደርቅ ሸክላ ነው። ሥሩ እዚያ ሲደርስ ይመለስና ጉድጓዱን እየዞረ ያድጋል፤ ውሃውም እንደ ድስት ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ተክሉ በመጀመሪያው ዓመት ደህና መስሎ በሁለተኛው የሚቀጭጭበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። በረጠበ አፈር ላይ መመላለስም እንዲሁ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ የግድ ከሆነ ሰፋ ያለ ጣውላ አንጥፈሽ በእሱ ላይ ቁሚ።

ፀሐይ ጠባቂ
ዝናቡ እስኪያቆም ከመጠበቅ መሬቱን ከዝናቡ መጠበቅ ይቻላል። ለእያንዳንዱ ጽጌረዳ 1.5 በ1.5 ሜትር የሚሆን ቦታ ላይ ሸራ ወይም ወፍራም ላስቲክ ይወጠር። መሬት ላይ የተኛ ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚያቆይ በድንጋይ ወይም በብሎኬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይበል። ከላይ በኩል ካለው ተዳፋት የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀለብስ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈሰስ ይቀደድ፤ ያለዚያ ውሃው ከሥር ይመጣል። አሸዋማ አፈር በ1 ወይም 2 ቀን ይደርሳል፣ ዋልካ ከሳምንት በላይ ይፈልጋል።

ከዚህ እኩል የሚጠቅመው ደረቅ አፈር አስቀድሞ ማስቀመጥ ነው። ለአንድ ጉድጓድ 80 ሊትር ያህል ያስፈልጋል፤ 3 እጅ የአትክልት አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ በጆንያ ከጣሪያ በታች። ጉድጓዱን በሙሉ በኮምፖስት መሙላት ስህተት ነው። ኮምፖስት ሲበሰብስ ይወርዳል፣ ተክሉንም ይዞት ይሰምጣል፤ በዋልካ መሐል ደግሞ ውሃ የሚመጥ ስፖንጅ ይሆናል።

ነጭ ሥር
እንዲህ ከተደረገማ የኔ ተቃውሞ አልቋል። ሸራ የተዘረጋበት ቦታ ላይ በካፊያም መትከል ይቻላል። የአተካከሉን ደረጃ ልጻፍ፣ ያጎደልኩትን ሙሉልኝ።

ጉድጓዱ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። በአካፋ ከተቆፈረ በኋላ ግድግዳውና ወለሉ በመንሽ ጥርስ ይጫር፣ ልስኑ እስኪጠፋ። መሐሉ ላይ ከተዘጋጀው ደረቅ አፈር 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ይሠራና በእጅ ጠበቅ ይደረጋል። ችግኙ ከእርጥብ ጆንያው የሚወጣው ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የተሰበሩት ሥሮች ብቻ ይቆረጡ፤ ረጅም ነው ብሎ ጤነኛ ሥር ማሳጠር አያስፈልግም፣ ጉድጓዱን ማስፋት ይሻላል። ሥሮቹ በጉብታው ላይ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ወደ ታች ይዘረጋሉ።

ልኩን ለማወቅ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት በጉድጓዱ አፍ ላይ አግድም ይቀመጥ። ክረምቱ መሬቱን በሚያቀዘቅዝበት አገር የግራፍቱ እብጠት ከእንጨቱ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ በረዶ በማይጥልበት ሞቃት ቦታ ከአፈሩ ጋር እኩል ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። እርጥብ አፈር በኋላ ስለሚሰምጥ እብጠቱን ከዚህ ልክ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት።

ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ በጣት በሥሮቹ መሐል አፈር ጠቅ ጠቅ ይደረግ። በእግር መርገጥ የለም፤ በደረቅ አፈር ላይ የሚያስኬደው ልማድ በእርጥብ አፈር ላይ ቀዳዳዎቹን ይገድላል።

ፀሐይ ጠባቂ
ውሃውን ረሳኸው። እየዘነበም ቢሆን ውሃ ይጠጣል። ይኼ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው፣ ግን ዝናብ ከላይ አፈሩን ያረጥባል እንጂ በሥሮቹ መሐል የተደበቀውን ባዶ ቦታ ወዲያው አይሞላም። ሁለት ሦስተኛው እንደተሞላ ከ5 እስከ 8 ሊትር በዝግታ ይፈስበት፤ ደረቁ አፈር ተንሸራቶ ሥሩን ያቅፈዋል። ውሃው ሲወርድ ሰዓት ያዙ። በ15 ደቂቃ ከጠፋ መልካም ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላም ከታየ ተክሉን አውጡትና ወደ ከፍተኛ መደብ ሂዱ።

ነጭ ሥር
ልክ ነህ። ከሞላ በኋላ ግንዱ እንዳይደርቅ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ወይም ኮምፖስት ዙሪያውን ይከመርበት።

ሥርና ቅርንጫፍ
እዚህ ላይ እቃወማለሁ። ክምሩ የሚሠራው ለደረቅ ነፋስና ለበረዶ ነው። ቀን ከሌት በሚያካፋበት ሳምንት ግንዱ ከአየሩ በቂ እርጥበት አለው፤ እርጥብ ኮምፖስት ሲከመርበት ቆዳው ይለሰልስና ጥቁር ቁስል ይወጣል። ክምሩ ይዘጋጅ፣ ነገር ግን ዝናቡ አቁሞ ነፋስና ፀሐይ በመጣበት ቀን ይደረግ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ቡቃያው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በእጅ ወይም በቀስታ በሚፈስ ውሃ ጥቂት በጥቂት ይነሳ፤ ዶማ ቢነካው ቡቃያው ይረግፋል።

ጉዝጓዝም ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ከግንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ። ደረቅ ሣር ወይም የእንጨት ቅርፊት ይሆናል፤ የዝናብ ጠብታ አፈሩን እንዳይደፍነው ዋናው ጥቅሙ ይኼ ነው።

ነጭ ሥር
ነፋስ ለሚበዛበት ቦታ ክምሩን አሁንም አልተውም፤ ለዝናቡ ሳምንት ግን ይቆይ።

ጠል
ከፍተኛ መደብ ያላችሁት አልገባኝም። ከታች ጠጠር ከተደረገ ያው ጉድጓዱ አያንጣፍፍም?

ዋልካ
አያንጣፍፍም፣ ይብሳል። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው ላይኛው አፈር እስኪሞላ ድረስ ከጠገበ በኋላ ነው። ስለዚህ ጠጠሩ የረጠበውን ንብርብር ወደ ሥሩ ያቀርበዋል። ዋልካ ላይ ትንሽ አሸዋ መቀላቀልም እንዲሁ የማይጠቅም ነው፤ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ይጠነክራሉ። ዋልካን የሚያላላው ኮምፖስት ነው፣ ከዓመት ዓመት።

ቦታሽን ፈትኚው። 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍሪ፣ ውሃ ሙዪ፣ ይውረድ፣ ደግመሽ ሙዪና በሰዓት ስንት እንደሚወርድ በማስመሪያ ለኪ። በሰዓት 3 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ በጉድጓድ ተከዪ። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ መደብ ሥሪ። ዝናብ ላይ ሲለካ ከበጋው ያነሰ ይወጣል፤ ግን ተክሉ የሚኖርበት ክፉው ጊዜ ይኼው ስለሆነ ልኩ ይጠቅማል። ውሃ ሳትጨምሪ ጉድጓዱ ከጎን እየመጣ ከሞላ ምንም ዓይነት ጉድጓድ አያዋጣም፣ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው።

ለመደቡ ሣሩን አንሺና ነባሩን መሬት በመንሽ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አላልቺው፤ አፈሩ የሚላላበት እርጥበት ላይ ሲደርስ ነው ታዲያ። በላዩ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታና 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አፈር ከምሪ፣ ሦስት እጅ አፈር ለአንድ እጅ ኮምፖስት። ሁለቱ ካልተቀላቀሉ ውሃው በመገናኛቸው ላይ ይተኛል። ጎኖቹን በጣም ቀጥ አታድርጊያቸው፣ ዝናቡ ይንዳቸዋል። መደብ በደረቅ ወቅት ቶሎ ስለሚደርቅ ውሃ ማጠጣቱ ይበዛል፤ ይኼ ዋጋው ነው።

እሾህ
ማሰሮስ? በአሸዋ ክምር ከማቆየት እዚያው ቢተከል?

ችግኝ አሳዳሪ
ይቻላል፣ ዓይኖቹ ማበጥ ከጀመሩም ከክምሩ ይሻላል። ከ12 እስከ 15 ሊትር የሚይዝ፣ 35 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከታች ብዙ ቀዳዳ ያለው ይሁን። ሥሩ እንዲገባ ተብሎ አይጠምዘዝ። የጓሮ ጭቃ አይግባበት፤ ማሰሮ ውስጥ ዋልካ ከመሬቱ ይብሳል። በጠፍጣፋ መሬት ላይ ከተቀመጠ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ በሦስት ጠጠር ላይ አቁመው። ጣሪያ ሥር ከሆነ ውሃውን አንተ ትወስናለህ፤ 5 ሴንቲ ሜትር ጣትህን አስገብተህ ደረቅ ሲል ብቻ አጠጣ።

አንዴ ማሰሮ ከገባ ግን ዝናቡ ባቆመ በሦስተኛው ሳምንት አታውጣው። ነጫጮቹ ሥሮች ገና አፈሩን አልያዙትም፣ አፈሩ ሲረግፍ ሁሉም ይበጠሳሉ። ከ8 እስከ 12 ሳምንት፣ ማሰሮው ሲወልቅ አፈሩ ሳይፈርስ እስኪቆም ድረስ ጠብቅ።

ጠል
የመጨረሻ ጥያቄ። ከተተከለ በኋላ ውሃ እንደጎዳው በምን አውቃለሁ? ማዳበሪያስ መቼ?

ሥርና ቅርንጫፍ
ቅጠል ማውጣቱ ሥር ለመስደዱ ማስረጃ አይደለም። የመጀመሪያው ቅጠል የሚወጣው ግንዱ ውስጥ ከተጠራቀመው ምግብ ነው። አደጋው የሚታየው ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ነው፤ ሥሩ ካልተሰራ ለምለሙ ቡቃያ ድንገት አንገቱን ይደፋል፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተጠምቶ ነው ብሎ ውሃ ይጨምራል፣ ያም ይጨርሰዋል። ከግንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀሽ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍሪና አፈሩን አሽቺ። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ወይም አፈሩ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ካደላ ኦክስጅን አልቋል። በመንሽ ከሥሩ አንስተሽ፣ የበሰበሰውን ቆርጠሽ፣ ግንዱን በግማሽ አሳጥረሽ ማሰሮ ውስጥ ትከዪው። ከተደፋ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከደረስሽለት ሊድን ይችላል።

ማዳበሪያ ሲተከል አይደረግም። ናይትሮጅኑን ዝናቡ አጥቦ ይወስደዋል፣ የቀረው ጨውም ሥሩን ይጎዳል። የመጀመሪያው አበባ ካለፈ በኋላ ይጀመራል።

የመደብ ዳር
ጠል፣ ግንዱን ስለ መግረዝ ያነሳ የለም። ስትተክዪ ከ3 እስከ 5 ጠንካራ ግንድ አስቀሪ፣ እያንዳንዱን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለሽ ቁረጪ። ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት ይሁን፤ ቁስሉ ለጥቂት ሰዓት ከደረቀ ሻጋታ አይገባበትም። ያጠብሻቸውን ሦስቱን ግን በመጨረሻ ቁረጪያቸው፣ መቀሱ ወደ ጤነኞቹ እንዳይመለስ።